የአጎቴ ካዝና ዳገት ላይ

ፒያሳ ውስጥ ፒካፕ ያለው ሰው ዘመድ አያጣም። እኔ መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ዘመዶቼ የሚያስታውሱኝ ለዓመት በዓል ነበር፤ እሱም ሲመቻቸው። ከገዛሁ ወዲህ ግን ሶፋ የገዛውም፣ ፍሪጅ የተበላሸበትም፣ ልጁን የዳረውም፣ ቤት የለቀቀውም ሁሉ ይናፍቀኛል። "ጠፋሽ እኮ!" ብለው ይጀምራሉ። ጤናዬን ይጠይቃሉ፣ ሥራዬን ይጠይቃሉ፣ የእናቴን ነፍስ ይማር ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። "መኪናሽስ ደህና ናት?"

ደህና ናት። አሮጌ ናት እንጂ ደህና ናት። ከፊት ሁለት ረድፍ ወንበር አላት፤ ከኋላ ደግሞ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን የሚጥልበት ካሶኒ። እንጀራዬ ለፒያሳ ኬክ ቤቶች ዱቄትና ስኳር ማድረስ ስለሆነ እኔና እሷ ብዙ ዳገት አብረን ወጥተናል። ዓመታት ዱቄት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ስለ ጭነት አንዳንድ ነገር ይገባዋል፤ ጥበብ ሆኖ ሳይሆን ወገብ ስለሚያስተምር ነው። ከባዱ ነገር መጀመሪያ ይጫናል። ወደ ጋቢናው ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል፣ ይታሰራል። ከታሰረ በኋላ ትንሽ ተነድቶ፣ ቆሞ፣ ገመዱ መላላቱ ይታያል። የተጫነች መኪና ባዶዋን በምትቆምበት ቦታ ስለማትቆም ከፊት ካለው መኪና ራቅ ይባላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለዘመዶቼ ስነግራቸው ስብከት እንደረዘመበት ምዕመን ራሳቸውን ይነቀንቁና "እሺ፣ አሁን ሶፋውን ከላይ ጣል አድርጊው" ይሉኛል።

ከሁሉም የባሱት አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ወርቅ ቤት ተቀምጠው ቀለበት ሲያጠቡና ሲያሰፉ የኖሩ ሰው። ሱቋ ከአንድ አልጋ ብትሰፋ ነው። በሱቋ ውስጥ ከአጎቴ ቀጥሎ ባለሥልጣኑ ካዝናው ነበር። ጥቁር አረንጓዴ ብረት ነው፤ ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል፤ በሩ ላይ እንደ መርከብ መሪ ያለ የነሐስ እጀታ አለው። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ነው ይባላል። ይባላል ያልኩት አጎቴ ስለሚሉት ነው፤ ሌላ ሲል የሰማሁት የለም።

አጎቴ ካዝናውን ሲከፍቱ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው፣ ኮታቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው እጃቸውን ብቻ ነበር የሚያስገቡት። ውስጡን ያየ ሰው የለም። ሚስታቸው እንኳ አላዩም። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ካዝናውን በሐሳቡ ወርቅ ሞላው። "እሳቸው ጋ ያለው ወርቅ እኮ..." ይባልና ዓረፍተ ነገሩ በፉጨት ያልቃል። አጎቴ አላስተባበሉም። ዝም ብሎ መከበር የሚቻል ከሆነ ማን ይናገራል?

በኋላ መንገዱ ሊሰፋ፣ ሰፈሩ ሊያምር ነው ተባለና የአጎቴም ሱቅ ከሚነሱት መካከል ሆነ። ስለ ማማሩ አልከራከርም። ያማረውን ቦታ ለማየት አሁን ሁላችንም ከሩቅ ታክሲ ይዘን እንመጣለን። አጎቴ እቃቸውን አፍንጮ በር ወዳለው ቤታቸው ወስደው ከፊት ለፊቱ ክፍል ሥራቸውን ሊቀጥሉ ወሰኑ። ደወሉልኝ። ጤናዬን ጠየቁ፣ ሥራዬን ጠየቁ፣ የእናቴን ነፍስ ይማር አሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ "ደህና ናት፣ ጋሼ። እሁድ እመጣለሁ" አልኳቸው።

እሁድ ጠዋት ስደርስ አጎቴ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ደርበው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። ዐቢይ ጾም ነበር። አጎቴ በጾም ከሰው የተለዩ ናቸው፤ ራሳቸው መጾማቸው አይበቃቸውም፣ የሌላውንም ይቆጣጠራሉ። አንድ ወጣት በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ካዩ መንገድ አቋርጠው ሄደው "ልጄ፣ የሰው ልጅ ነህ ወይስ ጥጃ?" ይሉታል። ሚስታቸውም ነበሩ፤ የመድኃኒት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው። አጎቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው ያለዚያ ቦርሳ የትም አይሄዱም።

ታናሽ ወንድሜም ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። እሱ የመኪና ደላላ ነው። የማንኛውንም መኪና ዋጋና የቀድሞ ባለቤት በቃሉ ያውቃል፤ መኪና ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ግን ጠይቆ አያውቅም። ጥቁር መነጽሩን ጥላ ውስጥም አያወልቅም። እኔ ሞተሩን ሳጠፋ ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተስማምቶ፣ ተጣልቶ፣ እንደገና ተስማምቶ ጨርሶ ነበር።

"ጋሼ" አልኩ፣ "መጀመሪያ ካዝናው ይግባ። ወደ ፊት፣ ጋቢናው ጥግ። ባንኮኒውና ወንበሮቹ በሌላ ዙር ይሄዳሉ።"

"በሌላ ዙር?" አሉ አጎቴ፣ ሌላ ሚስት ያግቡ የተባሉ ይመስል።

"ውስጡ ያለውንም ያውጡትና ይቅለል።"

አጎቴ የኮታቸውን ኪስ በመዳፋቸው ከደኑ። ቁልፉ እዚያ ነበር። "አይከፈትም።"

"ለምን?"

"በዚህ ሁሉ ሰው መሐል?" ብለው ዙሪያውን የቆመውን ሰው በዓይናቸው ጠረጉት። የቆመውም ሰው አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሊዘርፍ ይችላል ተብሎ በመገመቱ ኮራ ያለ መሰለኝ።

እኔ ከኬክ ቤቱ ሰው ስልክ ተደውሎልኝ ጥግ ይዤ ሳወራ ሥራው ተጀመረ። ስመለስ ጫኞቹ በሰው ልጅ ልማድ መሠረት ቀላሉን አስቀድመው ጭነዋል። ባንኮኒው ጋቢናውን ተደግፏል፤ ከሱ ቀጥሎ ወንበሮቹ፣ የመስታወት ሳጥኖቹ፣ ፍራሽ የሚያህል ያረጀ መጋረጃ። ካዝናውን ደግሞ እየማሉና እየተሳደቡ ካሶኒው ጫፍ ላይ ካወጡት በኋላ ልባቸው ጠፋ። "እዚህ ይብቃው" አሉና የኋላ በሩን ዘጉበት። ካዝናው እንደ ቆመ ነው፤ ሁሉም ክብደት በመኪናዋ ጭራ ላይ። ኋላዋ መሬት ሊስም ምንም አልቀረው፤ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል።

"ማን ያስረዋል?" አልኩ።

"እኛ የተስማማነው መጫን ነው" አለ ከጫኞቹ አንዱ፣ ላቡን እየጠረገ። "ማሰር ሌላ ሥራ ነው።"

ወንድሜ ከሱቁ የልብስ ማስጫ የሚመስል ገመድ አምጥቶ ካዝናውን አንዴ ዞረውና እንደ ጫማ ክር ቋጠረው። "ይኸው ታሰረ።"

"በዚህ ዓይነት አልነዳም" አልኩ። "ድልድዩን ስንሻገር ዳገት ነው። ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ጎማ ውጭ ስለሆነ ፊቷ ይነሳል። መሪ አይኖረንም።"

"ስለ ክብደት ለእኔ ትነግሪኛለሽ?" አሉ አጎቴ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስመዝን የኖርኩ ሰው!"

"የእርስዎ ሚዛን እኮ በግራም ነው፣ ጋሼ።"

ጫኞቹ ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም። ወንድሜ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገና "እህቴ፣ ፋራ አትሁኚ። ፒካፕ የተሠራው ለመጫን ነው። ካልጫነ ምኑን ፒካፕ ሆነ?" ብሎ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እዚያው ሰክቼ ትቼው ስለነበር፣ ገብቶ መሪውን ያዘ።

ይህ ሳያንስ አጎቴ አንድ እግራቸውን ጎማው ላይ አድርገው ወደ ካሶኒው መውጣት ጀመሩ።

"ጋሼ! ወዴት ነው?"

"ከካዝናው ጋር እሄዳለሁ። በእጄ እይዘዋለሁ።"

"እሱ ነው እርስዎን የሚይዝዎት!" የኮታቸውን ጫፍ ያዝኩ። "ይውረዱ። ካልወረዱ ጎማው ሥር እተኛለሁ።" እየቀለድኩ አልነበረም። በዚያ ጠዋት ሁሉንም ክርክር ተሸንፌአለሁ፤ ይህን ግን አልሸነፍም ብዬ ኮታቸውን ሁለት እጄን አድርጌ ጎተትኩ። የኮቱ ስፌት ሲተረተር ተሰማ።

ያዳኑኝ ሚስታቸው ናቸው። "አንተ ሰውዬ፣ ውረድ! በዚህ ዕድሜህ አደባባይ ላይ ሐውልት መሆን አማረህ?"

ሕዝቡ ሳቀ፤ አጎቴም ወረዱ። ተነጫንጨው ከሚስታቸው ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና በመስኮቱ ዞረው ካዝናቸውን ያዩ ጀመር። እኔ ከወንድሜ አጠገብ ገባሁ። ከመኪናዬ ልለይ አልችልም፤ እናት የሰከረ ሞግዚት ልጇን ይዞ ሲሄድ ዝም ብላ ቆማ አታይም።

ከፒያሳ ወደ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት በሰላም አለፈ። በሰላም ስል ፍሬኑ ሸተተ ማለቴ ነው። "ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን ላይ አትቁም" ብዬ ስነግረው ወንድሜ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። ካዝናው ወደ ፊት ሊንሸራተት ቢፈልግም ባንኮኒውና ወንበሮቹ መንገድ ዘግተውበታል። ድልድዩን ተሻገርን። ዳገቱ ተጀመረ።

ወዲያው መሪው የሕፃን መጫወቻ ይመስል ቀለለ። ወንድሜ ወደ ቀኝ ሲያዞረው መኪናዋ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ደስ ያላትን ያህል ብቻ ዞረች። ከኋላችን የሚመጣ ሚኒባስ ታክሲ ነበር። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "ሹፌር! መኪናህ እያዛጋች ነው! ሼባው ባንክ ቤቱን ይዞ ነው እንዴ የሚሄደው?" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሲስቅ ይሰማል። ወንድሜ ሙገሳ መስሎት እጁን አወዛወዘለት። የታክሲው ሾፌር ግን፣ እግዜር ይስጠውና፣ ስቆ ብቻ አልቀረም፤ ራቅ ብሎ ተከተለን።

"ቁም" አልኩት ወንድሜን። "ጥግ ያዝና ቁም።"

"ዳገት ላይ ከቆምኩ አትነሳም" አለና ነዳጅ ረገጠ።

ያን ጊዜ ገመዱ ተበጠሰ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ እንደ ክራር ክር። ቀጥሎ የመጣው ግን ትንሽ አልነበረም። የኋላው በር ተገንጥሎ ሲወድቅ፣ ብረት አስፋልት ሲመታ፣ የሴቶች ጩኸት፣ የታክሲ ጥሩምባ። የመኪናዋ ፊት ዱብ ብሎ መሬት ነካ፤ ሁላችንም ከወንበራችን ዘለን ተመለስን። ዞሬ ሳይ ካዝናው ዳገቱን ቁልቁል እየተገለባበጠ ይሄዳል፤ ከአስፋልቱ ጋር በተላተመ ቁጥር የእሳት ብልጭታ ይረጫል። ታክሲው ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ካዝናው ከአፍንጫው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በጎኑ ተንሸራተተና መንገዱ መሐል ተጋድሞ ቆመ።



"ካዝናዬ!" አሉ አጎቴ።

"ነፍሳችን!" አሉ ሚስታቸው፣ እሳቸውን በቦርሳው እየመቱ።

እኔ ወርጄ ካሶኒውን አየሁ። አጎቴ ሊቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ምንም የለም፤ የተገነጠለ ማጠፊያና የተፋቀ ብረት ብቻ።  የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። በእጄ ላይ ከኮታቸው የተተረተረ ክር ተጠምጥሞ ነበር፤ ሳላውቀው ይዤው ቆይቻለሁ። ወንድሜ በበኩሉ ወርዶ የተገነጠለውን በር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና ፍርዱን ሰጠ፤ "በሩ ደካማ ነው። ቀድሞም ይህችን መኪና አትግዢ ብዬሽ ነበር።" አላለኝም ነበር። እንዲያውም ያሻሻጠኝ እሱ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ቅዳሴ የወጣበት ሰዓት ስለነበር ነጠላ የለበሰው ምዕመን ከዳገቱም ከቁልቁለቱም መጣ። መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪኖች ተደርድረው ጥሩምባ ይነፋሉ። ትራፊክ ፖሊስ ደረሰና "የማን ነው?" አለ። ወንድሜ ሳያመነታ ወደ እኔ ጠቆመ።

"የመኪናዋ ባለቤት እሷ ናት።"

"የሚነዳው ማን ነበር?"

በዚያን ጊዜ ወንድሜ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹን ካየሁ ቆይቼ ነበር፤ የእናቴን ዓይኖች ይመስላሉ፤ ግን አላዘንኩለትም። ፖሊሱ ቅጣቱን ጻፈለትና ካዝናውን ከመንገድ አንሱ አለን።

"ወንድሞቼ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ እንግፋው" አልኩ ለተሰበሰቡት ጎረምሶች። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"እናግዛችሁ ነበር" አለ አንዱ፣ ካዝናውን በጥንቃቄ እየዞረ፣ "ግን ነገ ወርቅ ጎደለ ብትሉንስ? የሳቸው ካዝና መሆኑን ፒያሳ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ ይከፈትና በምስክር ፊት ይታይ።"

"ልክ ነው" አለ የታክሲው ረዳት። "ይከፈት! እኛም ወርቅ አይተን እንሙት።"

ፖሊሱ ነገሩን አሰበና "ተገቢ ነው፣ አባት፤ ይክፈቱት" አለ።

አጎቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። "ቁልፉ ጠፍቷል" አሉ። ሚስታቸው እጃቸውን ወደ አጎቴ ኮት ኪስ ሰደው ቁልፉን አወጡት። "ዝጓል" አሉ አጎቴ። "ጊዜ የለም" አሉ። "እሁድ ነው፣ ኃጢአት ነው" አሉ። እስካሁን ቀጥ ብለው የቆሙት ሰውዬ በአንድ ጊዜ እንደ ጨርቅ እጥፍጥፍ ሲሉ ገረመኝ። እኔም እንደ ሌላው ሰው የወርቁ ብዛት አስፈርቷቸው መሰለኝ። እጀታውን ያዞሩት ሚስታቸው ናቸው።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው። የቫኒላ ሽታ። ያን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ልብሴ ሁልጊዜ እሱን ይሸታል። ቀጥሎ የካዝናው ውስጥ ታየ፤ ግድግዳው በሙሉ በነጭ ክሬም ተለቅልቋል። የኬክ ካርቶኖች ተጨራምተው መሳቢያው ላይ ተጣብቀዋል፤ ቦምቦሊኖዎች ከጥግ ጥግ ተንከባለው ጃማቸውን አፍስሰዋል። አንድ ማንኪያ ነበር። ትንሽ የአንገት ፎጣ ነበር። ወርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ካርቶኖቹ ደግሞ የእኔው ደንበኛ ኬክ ቤት ናቸው። ዱቄቱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ስኳሩንም እኔ። ሐኪም የከለከለውና ጾም የከለከለው ባንድ ካዝና ተቆልፎ ኖሯል።

ከዚያ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ከመሐል ወጡ። "ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ልጄን ማኪያቶ ይዞ አይተው ጥጃ ያሉት እርስዎ አልነበሩም?"

"ይሄ... ለእንግዳ ነው" አሉ አጎቴ።

"እንግዳው እዚያ ውስጥ ነው እንዴ የሚስተናገደው?" አለ የታክሲው ረዳት። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው አልነበረም። ፖሊሱ እንኳ ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ወርቁስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። አጎቴ የደረት ኪሳቸውን ነካ አደረጉ። መሐረብ ውስጥ የተቋጠረ ነገር ነበር፤ ከአንድ እፍኝ ያነሰ።

ያልሳቁት ሚስታቸው ብቻ ናቸው። ጣታቸው ላይ የተለጠፈውን ክሬም ሲያዩ ቆዩ።

"እኔ ጠዋት ማታ የደም ስኳርህን እለካለሁ" አሉ፣ ቀስ ብለው። "ሐኪም ቀየርን። መድኃኒት ቀየርን። ለምን አይወርድለትም ብዬ ሥላሴ ሄጄ ተስያለሁ። ስለት እኮ ነው የገባሁት!"

አጎቴ አቀረቀሩ። "ሱቁ ይነሳል ካሉኝ ወዲህ አፌን መረረኝ" አሉ። "ምንም ብበላ ይመርረኛል።"

ልቤ ትንሽ ሊራራ ሲል፣ ከካርቶኖቹ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀየረው የኬክ ቤቱ አሮጌ ካርቶን መሆኑን አየሁ። ሱቁ ይነሳል ሳይባል ብዙ ቀድሞ መርሯቸው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ለማንሳት እምቢ ያለ ጎረምሳ አልነበረም። ወንድሜ "በሉ፣ እዚህ ጫፍ ላይ አውጡት" ብሎ ሲጀምር የመኪናዋን ቁልፍ ከእጁ ወሰድኩ። "አንተ ሂድና መኪኖቹን በአንድ ጎን አሳልፋቸው" አልኩት። እጁን ማወዛወዝ ስለሚወድ ለሥራው የተፈጠረ ነበር።

መጀመሪያ ባንኮኒውንም ወንበሩንም አስወረድኩ። ካሶኒው ባዶ ሆነ። ቀጥሎ መኪናዋን አዙሬ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ፣ ኋላዋን ወደ ዳገቱ አድርጌ ከካዝናው በታች አቆምኳት። "ምነው ገለበጥሻት?" አሉ አጎቴ። ካዝናውን ወደ ላይ ከምንገፋው ራሱ ወደ ታች ቢገባ ይሻላል አልኳቸው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ በአራቱም ጎማ ሥር ትልልቅ ድንጋይ አስደገፍኩ። ፍርስራሹ ብዙ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ድንጋይ የሚቸግረን ሰዎች አልነበርንም። አጠገቡ ካለው ግንባታ ዘበኛው ወፍራም ጣውላዎች፣ ገመድና ቁርጥራጭ የውሃ ቧንቧዎች አዋሰን። ጣውላውን ከአስፋልቱ ወደ ካሶኒው አጋደምን፤ ካዝናውን በጀርባው አስተኝተን በቧንቧዎቹ ላይ እያንከባለልን፣ ከላይ በገመድ ይዘን ቀስ እያልን ለቀቅነው።

"ከታች የሚቆም ሰው እንዳይኖር!" እያልኩ ጮህኩ። አንድ ሁለቱ ለፎቶ ብለው ቆመው ነበር፤ ሸሹ።

ካዝናው ተንከባሎ ገባና ጋቢናውን ተጠግቶ ተጋደመ። ቧንቧዎቹን አወጣን። በግራና በቀኙ፣ ከኋላውም እንጨት ወሸቅሁበት፤ ከዚያ ከወንበሬ ሥር የማስቀምጠውን፣ ጠዋት በክርክሩ መሐል ለማውጣት ፋታ ያጣሁለትን የጭነት ቀበቶ አውጥቼ በካሶኒው አራት ማዕዘን ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር አቆራርጬ አሰርኩት። ወጣ ብዬ መኪናዋን ከጎን አየኋት። ኋላዋ ዝቅ ብሏል፣ ፊቷ ግን አልተነሳም። ድንጋዮቹ ተነሡ፤ በመጀመሪያ ማርሽ ወደ ታች ወርጄ፣ ድልድዩ አጠገብ አዞርኳትና ቆሜ ቀበቶውን በእጄ ሞከርኩ። ትንሽ ላልቷል፤ አጠበቅሁት። ከዚያ ዳገቱን ሳላቋርጥ፣ ሳልጣደፍ ወጣሁ። የታክሲው ረዳት በአጠገቤ ሲያልፍ "እህቴ፣ አሁን ነቃች!" አለኝ። ስለ መኪናዋ መሆኑ ነው።

አፍንጮ በር ስንደርስ ካዝናው በቤቱ በር አልገባም። ግቢው ውስጥ፣ ጣሪያው ሥር ቀረ። ባንኮኒውን በሁለተኛው ዙር አመጣሁት። አጎቴ ቁልፉን ሲፈልጉ ሚስታቸው "እኔ ጋ ነው" አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካዝናው ውስጥ የሚቀመጠው የአጎቴ መድኃኒትና የመለኪያው መሣሪያ ነው፤ ሽሮም አለበት፤ አይጥ አይደርስበትም ብለው ነው። ወንድሜ ለተገነጠለው በር ማሠሪያ እካፈላለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ሲያየኝ መነጽሩን ያደርጋል።

በቅርቡ ሥላሴ አካባቢ የሚኖሩ ጎረቤታችን የነበሩ ሴት ደውለው የልብስ ስፌት መኪናቸውንና ፍሪጃቸውን እንዳጓጉዝላቸው ጠየቁኝ። አጎቴ ሰምተው "እኔም እመጣለሁ፣ ልምድ ያለው ሰው ያስፈልግሻል" አሉ። ከጎኔ ተቀምጠው መጡ። ስንደርስ ከእኔ ቀድመው ወረዱ።

"ከባዱ መጀመሪያ!" ብለው በከዘራቸው አዘዙ። "ወደ ጋቢናው! ዝቅ ይበል! ፍሪጁ ይቁም፣ አይጋደም! ገመድ የት አለ? ያልታሰረ ጭነት እኮ ሰው ይገድላል!"

ሴትዮዋ በአድናቆት አዩአቸው። "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት?"

"ዳገት ላይ" አሉ አጎቴ፣ ኮታቸውን እያስተካከሉ። "አንድ ጊዜ እነዚህ ልጆች አንድ ካዝና እንዴት እንደሚጫን ጠፍቷቸው መሐል መንገድ ላይ ጥለውት ደረስኩላቸው።"

እኔ ቀበቶውን እያጠበቅሁ ነበር። አላረምኳቸውም፤ በአፋቸው የሚናገሩት ሁሉ ልክ ነበር፣ ከታሪኩ በቀር።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ያንን ጫፍ ይያዙልኝና ይሳቡ።"

ያዙት። በደንብ ሳቡት።